ትእዛዝ የማይጠብቁት

ጥቅምት 12

ይድረስ ለልጄ ለጠያቂዋ፣

ሰላምታዬ ብርዱም ሥራውም ሳይከብድሽ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ በሙሉ ጤና ነን። እናትሽን ባለፈው ቅዳሜ አግኝቻት ነበር፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። አንቺን ስታነሳ ብቻ ድምፅዋ ቀጠን ይላል። ፈጣሪ ያሰብሽውን ያሳካልሽ።

በስልክ ያልደወልኩት ስልኬ የኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሳወራ ባለቤቴ ትሰማለች፤ ድምፅ ማጉያውን ሳላውቅ የነካሁ ቀን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ይሄ የሰው ምስጢር ስለሆነ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። መልሱንም በቤቴ ሳይሆን በአውቶቡስ ድርጅቱ የፖስታ ሣጥን ላኪልኝ። ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባልደረባዬ አለ፤ እንደኔው የረጅም መንገድ ሾፌር። ዕድሜው ከስድሳ ትንሽ አለፍ ብሏል። ድሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚነዳ ሰው ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በየአርባ ደቂቃው ማቆም አመጣ። መጀመሪያ ሰሞን ጎማ ልይ እያለ ነበር የሚወርደው። ጎማ ስንቴ ይታያል? ተሳፋሪው ነቃበት። አንዷ ሴትዮ "ይሄ ሾፌር የመንገድ ዳሩን ዛፍ ሁሉ የሚያጠጣው ተቀጥሮ ነው በትርፍ ሰዓቱ?" ብላ መኪናውን ሙሉ አሳቀችበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ችግሩ ወርዶ ሲቆምም አይመጣለትም። ቆሞ ቆሞ እንዲሁ ይመለሳል።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደ። ደሙን መርምረው ፒ ኤስ ኤ የሚሉት ነገር ሰማንያ አራት ሆኖ አገኙት። ከአራት በታች መሆን ነበረበት አሉት። ከዚያ በመርፌ ናሙና ወስደው የፕሮስቴት ካንሰር ነው አሉ።

እናትሽ ያንቺ ሥራ በዚሁ በሽታ ላይ እንደሆነ ስትናገር ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በሚገባን ቋንቋ ጻፊልኝ። ባልደረባዬ ፈሪ አይደለም። የማያውቀው መንገድ ላይ መንዳት ግን አይወድም።

ፍሬን የሚሉኝ አጎትሽ


ኅዳር 26

ለተከበሩ ጋሼ ፍሬን፣

ጤናና ዕድሜ ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው ብልዎት ግማሹ እውነት ነው።

አዎ፣ የምሠራው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። ክፍላችን መስኮት የለውም። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ማቀዝቀዣና እንደ ሰው ገላ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የሚሞቅ አንድ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ውስጥ ከአንድ ሰው የፕሮስቴት ካንሰር የተወሰዱ ሴሎች በጠፍጣፋ ሳህን ላይ፣ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። በየሁለት ቀኑ ፈሳሹን እቀይርላቸዋለሁ። እሁድ አያውቁም፤ እኔም ከነሱ ጋር እሁድን ረስቻለሁ።

በሚገባን ቋንቋ ስላሉኝ ልሞክር። ፕሮስቴት ከወንድ ሆርሞን ትእዛዝ እየተቀበለ የሚሠራ እጢ ነው። ሆርሞኑ በደም ይመጣል፤ ሴሉ ውስጥ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ ወደ መሐል ይገባና የተኛውን ዘረ መል ያነቃል፣ የነቃውን ያስተኛል። ይህን አምርት፣ ያን ተው፣ ተባዛ፣ አሁን ይበቃሃል እንደማለት ነው። ካንሰሩም የሚኖረው በዚያው ትእዛዝ ነው፤ "ይበቃሃል" የሚለውን ብቻ አይሰማም። ስለዚህ ሐኪሞች ሆርሞኑን ራሱን ያቋርጡበታል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሴል ወይ ይሞታል ወይ ሥራ ያቆማል።

እኛም ሳህን ላይ ይህንኑ እናደርጋለን። ለሴሎቹ የምንሰጠውን ፈሳሽ በደቀቀ ከሰል እናጥበዋለን፤ ከሰሉ ሆርሞኑን ይዞ ያስቀረዋል። በአሥር ቀን ውስጥ ሳህኑ ይራቆታል። የኔ ድርሻ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዝርዝሩ አሰልቺ ስለሆነ አላደክምዎትም።

ባልደረባዎ የአጥንት ፎቶ ይነሱ። በሽታው ከእጢው ከወጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የወንበር ድካም ነው ብለው አይለፉት።

አክባሪዎ


ጥር 5

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

ሰላምታዬ የከበረ ነው። አምስት ዓመትሽ ሳለ እቅፌ ላይ ተቀምጠሽ "መሪውን ስታዞረው ጎማው እንዴት ያውቃል?" ብለሽ መልስ ያሳጣሽኝ ልጅ፣ ዛሬ አንቺ አስረጂ እኔ ተማሪ ሆንን። ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ እንደሆንኩ አትርሺ።

ደብዳቤሽን ለባልደረባዬ አነበብኩለት። ከሰሉ በጣም ገረመው። እኛ ሻይ የምናፈላበት ከሰል ነው ወይ አለኝ፤ ሳይሆን አይቀርም አልኩት።

የአጥንት ፎቶውን ተነሳ። ዳሌው ላይ ሦስት፣ ወገቡ ላይ አንድ ነጠብጣብ ታየ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው። መርፌው ግን አንዴ መጥቶ ሁለቴ ይጠፋል። ወረፋ ይዤ ሄጄ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ባዶውን አሳዩኝ። ሁለተኛው ሆርሞኑ የሚመረትበትን ቆርጦ ማውጣት ነው። ሁለቱንም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ አለኝ። የሞተር ዘይት እንደ መቀየር አድርጎ ነው የተናገረው። ከዚያ ባለቤትህን አማክርና ና ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ባለቤቴን ምን ብዬ እንደማማክራት አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተናል፤ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን በአፋችን ተነጋግረን አናውቅም።

አንቺን ልጠይቅሽ፤ ነውር ከሆነም ይቅር በይኝ። እንዲህ የተደረገ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል? ድምፁ ይቀጥናል? ሰው አይቶ ያውቅበታል? ደግሞስ ይሠራል?

ሌላም አለ። ያ በሳህን የምታኖሩት ካንሰር የማን ነው? ሰውየው አለ? ሥራው ምን ነበር?

አጎትሽ


ጥር 27

ለተከበሩ ጋሼ ፍሬን፣

ሰላምዎ ይብዛ። ከደብዳቤዎ መሐል ጀምሮ ባልደረባዎ ጠፍተዋል። እንዳላየሁ ሆኜ ልጽፍልዎት ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ቀደድኩት። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ የምጽፈው ለርስዎ ነው። ለእናቴ አልነገርኩም፤ አልነግራትምም።

ነውር የለበትም። እንደ ሥራዬ አድርጌ ልመልስልዎት።

ድምፅ አይቀጥንም። አንዴ የጎረነነ ድምፅ አይመለስም። ጢምዎ ትንሽ ይሳሳ ይሆናል። ድንገት ፊትና ደረትዎን ሙቀት ያጥለቀልቀዋል፤ ላብ ያሰምጥዎታል፣ ከዚያ ይበርድዎታል። ይወፍራሉ፤ በተለይ ሆድዎ አካባቢ። ጡንቻ ይቀንሳል፣ ቶሎ ይደክምዎታል። ፍላጎት ይጠፋል። ጨርሶ የማይጠፋባቸውም አሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን ይጠፋበታል። አንዳንዶቹ ስሜታቸው ሁሉ እንደሚደበዝዝ ይናገራሉ። ልብስ ለብሰው ሲሄዱ ማንም አያውቅብዎትም።

ይሠራል ወይ ላሉት፣ ይሠራል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ የአጥንቱ ሕመም ይቀላል፣ ሽንትዎም ሊከፈት ይችላል። መርፌው የሚጠፋ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይሻላል። እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን፣ መቼም መሆን አልችልም እንጂ፣ አላመነታም ነበር።

የሳህኑ ሰው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሴሎቹን ከሱ ወስደው ማባዛት ከጀመሩ ወዲህ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ እየተላኩ እኛ ጋ ደርሰዋል። ጠርሙሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። መዝገቡ ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ እንደነበር ይናገራል። ሥራው አልተጻፈም። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስውል ሥራውን ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም ነበር።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 9

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከተሠራሁ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው።

ለባለቤቴ ቡአ ነው አልኳት። እሺ አለች። ጀርባዬን በመርፌ ወጉኝና ከወገቤ በታች ያለው የሌላ ሰው ሰውነት ሆነ። ሐኪሙና ነርሷ ስለ ዝናብ መዘግየት እያወሩ ነው የሠሩኝ። እኔም ዘንድሮ በደጋው መንገድ ላይ እንኳ ጭቃ የለም ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አለቀ ሲሉኝ ከመኪና እንደሚወርድ ሰው አመሰግናለሁ አልኩ።

ሐዘን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። ደስታም አልመጣም። እበላለሁ፣ እነዳለሁ፣ እተኛለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ ያለ የጭነት መኪና ተገለበጠ። ፍሬን ይዤ፣ ወርጄ፣ ሰውየውን በመስኮት ጎትቼ አወጣሁት። ሰው ሁሉ እየጮኸ ነበር። እኔ እጄን ታጥቤ መንገዴን ቀጠልኩ። ድሮ ቢሆን ሁለት ቀን እህል አልበላም ነበር።

ያልሽው ሙቀት እንዳልሽው ነው። በብርድ መስኮት እከፍታለሁ፤ ድሮ በመቆሜ የሚያማርሩኝ ተሳፋሪዎች አሁን በመስኮቱ ያማርሩኛል። ሽንቴ ግን ተከፍቷል። ቁጥሩ ከሰማንያ አራት ወደ ዜሮ ነጥብ ሰባት ወረደ። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

እናትሽ ስምሽ የወጣበት ጽሑፍ አለ ትላለች። አንድ ቅጂ ላኪልኝ። ቋንቋው ባይገባኝም ስምሽን አየዋለሁ።

አጎትሽ


ሰኔ 30

ለተከበሩ ጋሼ ፍሬን፣

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ስለ ቁጥሩ ደስ ብሎኛል።

ጽሑፉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ስሜ ሦስተኛው ነው፤ በቀይ አስምሬበታለሁ።

እናቴ በስልክ "ፍሬን ደልቶታል፣ ወፍሮ ፊቱ በርቷል" አለችኝ። እሰየው አልኳት።

አክባሪዎ


የካቲት 18

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። "እኛ ደህና ነን" የሚለውን ከመጻፌ በፊት ዛሬ ትንሽ አሰብኩበት።

ከጻፍኩልሽ አሥር ወር አለፈኝ። ቁጥሩ በሐምሌ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ በኅዳር ሁለት ነጥብ ሦስት፣ በዚህ ወር አራት ነጥብ ስምንት ሆነ። ሐኪሙ ተመልሶ ወረቀቱን ማየት ጀምሯል።

የላክሽልኝን ጽሑፍ ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ አወጣሁት። ባለመድኃኒቷ አየችና ምንድን ነው አለችኝ። የዘመዴ ልጅ የጻፈችው ነው አልኳት፤ እየኮራሁ ነው ያልኩት። ሰው ቀለል ያለበት ሰዓት ስለነበር ቁጭ ብላ ተረጎመችልኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አስነበብኳት። ሆርሞን ከተቋረጠባቸው ሕመምተኞች በአብዛኞቹ ላይ በሽታው ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ያገረሻል ይላል። ቀጥሎ ምክንያቱን ያስረዳል። ትእዛዙን የማይጠብቁ ጥቂት ሴሎች አሉ፤ ግንድ ሴል ትሏቸዋላችሁ። ሌላው ሲያልቅ እነሱ ሌላ ዘረ መል አንቅተው፣ ከሌላ በኩል ምልክት እየተቀበሉ ይቆያሉ። ቆይተው ሳህኑን እንደገና ይሞሉታል። ያንቺ ድርሻ ይሄ ነው። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው ያልሽኝም ይሄው ነው።

ጽሑፉ የወጣበት ቀን አናቱ ላይ አለ። እኔ ከመሠራቴ አምስት ወር ይቀድማል።

"ይሠራል" ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እዚሁ አጠገቤ ነው። ውሸት አይደለም፤ ሠርቷል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳመላልስ፣ ስንት ቀረን ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ያለውን ኪሎ ሜትር ነው የተናገርኩት። የሚያለቅስ ሕፃን ለያዘችም፣ ቀብር ለሚሄድም። ይከፋቸዋል። ግን የያዙትን ውሃ በልኩ ይጠጣሉ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ እነዚያን ሴሎች የገደለ መድኃኒት ሞክረናል ይላል አለችኝ ባለመድኃኒቷ። ከሱ ትንሽ ልትልኪልኝ ትችያለሽ? ሁለተኛው፣ ስንት ቀረኝ?

ፍሬን


ሚያዝያ 20

ይድረስ ለልጄ፣

የጻፍኩልሽ ደርሶሽ እንደሆን ብዬ ነው። የፖስታ ሣጥኑን በየሳምንቱ አያለሁ። ጠባቂው "ፍሬን፣ ማን ናት ይህቺ የምታስጠብቅህ?" እያለ ይቀልድብኛል።

ቁጥሩ ስምንት ነጥብ አንድ ሆኗል።

ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። እንኳንስ ቁጣው፣ ሌላውም ነገር ከመጣልኝ ቆይቷል።

ፍሬን


ግንቦት 15

ለተከበሩ ጋሼ ፍሬን፣

እግዚአብሔር ያበርታዎት። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

የመጀመሪያውን ያነበብኩት የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜ ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ፈሳሽ መቀየሬን ቀጠልኩ። አሥራ ስምንት ሳህን ነበር። አንዱም አልፈሰሰብኝም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምሳ እንሂድ ስትለኝ እሺ ብዬ ሄድኩ፤ በላሁም። በማግሥቱም እንደዚያው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሆነ።

አውቅ ነበር። "ይሠራል" ብዬ የጻፍኩልዎት ቀን፣ በከሰል የታጠበ ፈሳሽ ስሰጣቸው የቆዩ ሳህኖች ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። አርባ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ከተራቆተው ሳህን ላይ ትንንሽ ክብ ክብ ነገሮች በቅለው ነበር። ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት። መዝገቡ ላይ ጻፍኩና ጓንቴን አውልቄ ለርስዎ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ርስዎ የጠየቁኝ ይሠራል ወይ ብለው ነው፤ እስከ መቼ አላሉኝም። እዚያ ውስጥ ተደበቅሁ።

ጽሑፉን ስልክልዎት የሚያነብልዎት ሰው አይኖርም ብዬ ነበር። ወይም አንድ ሰው በኔ ፈንታ ያነብልዎታል ብዬ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መድኃኒቱን በተመለከተ። ሳህን ላይ ይገድላቸዋል። ራሳቸውን የሚተኩበትን ምልክት ይቆርጥባቸዋል፣ ነቅቶ የነበረው ዘረ መል ይተኛል፣ ክቡ ነገር ይፈርሳል። አይጦች ላይ ስንሞክረው ግን ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ በጉበታቸው ሞቱ። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም፤ ከዚያ በኋላ የሆነ ነው። ጠርሙሱ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ። አልልክልዎትም።

ስንት ቀረኝ ላሉት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቁጥሮችዎን ያለ ስም ይዤ አንድ የዚህ በሽታ ሐኪም ጠየቅሁ። ቁጥሩ በሦስት ወር እጥፍ ለሚሆንበት፣ አጥንቱ ላይ ለደረሰበት ሰው፣ ዓመት ከመንፈቅ ግድም ነው አለኝ። የሆርሞኑ ማምረቻ ቢወጣም በሌላ መንገድ የሚመረተውን የሚያቋርጥ እንክብል አለ፤ እሱ ከተገኘ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ተኩል። ከዚህ ያለፉም አሉ፤ እዚህ ያልደረሱም አሉ። የእንክብሉን ስም በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ለሐኪምዎ ያሳዩት።

አንድ ነገር አደራ። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከከዳዎት ነገ እሄዳለሁ አይበሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ወገብዎ ላይ ያለው ነገር የጀርባዎን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ካልተደረሰበት አይመለስም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሉን ስጽፈው የተሰማኝ ነገር የለም። ስላልተሰማኝ ግን ልተወው አልፈለግሁም።

አክባሪዎ


መስከረም 9

ይድረስ ለጠያቂዋ፣

ይህ ሰላምታ ከኔም ከባለቤቴም ነው። አጠገቤ ተቀምጣ እያነበበችው ነውና ከዚህ በኋላ በቤታችን አድራሻ ጻፊ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መናኸሪያው ውስጥ፣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ዓመት ከመንፈቅ። ሲባል እንደሚያስፈራው አልነበረም፤ አልቀለለኝምም። መኪናውን አስጠርጌ አስረከብኩ።

በሳምንቱ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ያኔ ቡአ አልነበረም አልኳት። ማጠፏን አላቆመችም።

"ወንድሜ ቡአ ሲሠራ ያስታመምኩት እኔ ነኝ" አለች። "ጠባሳው የት እንደሚሆን አውቃለሁ።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። አንተ እስክትነግረኝ ነው አለች፤ አሥራ ስድስት ወር። ከዚያ ሐኪሙ ስንት አለ ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ሳይሆን ጠያቂዋ ናት ብዬ ቁጥሩን ነገርኳት። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰችና ሌላ አነሳች። ያ ሸሚዝ የኔ ነበር። እሱን አላጠፈችውም፤ ጭኗ ላይ አድርጋው ቆየች።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ያልሽው ሆነ። አርባ ሁለት ሰው ጭኜ አቀበቱን ልወጣ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮኑን ስረግጥ፣ መርገጤን አላወቅሁም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እግሬ እዚያው ነው፣ እየረገጠ ነው፣ ለኔ ግን አልተነገረኝም። ቀስ ብዬ ዳር ያዝኩ። ተነሥቼ ለተሳፋሪው እግሬ ደንዝዟል፣ ከዚህ በላይ አልነዳም፣ ሌላ መኪና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል አልኩ። ማንም አልቀለደም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ መጥተው ብርድ ልብሳቸውን እግሬ ላይ አደረጉልኝ።

ነገ አላልኩም። በመጀመሪያው በተገኘው መኪና ተመልሼ ሐኪም ቤት ገባሁ። አሥር ቀን ወገቤን በጨረር መቱት። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገይ በዊልቸር ነበር የምትወጣው አለኝ፤ ማን ነገረህ አለኝ፤ ነገርኩት። እግሬ አብዛኛው ተመልሷል፤ ጣቶቼ ብቻ ገና ናቸው። የጻፍሽውን እንክብል አስመዝግቦልኛል፤ እስካሁን አልመጣም። መንዳት ግን ተከልክያለሁ። ቁልፉን ድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳልጋጭ።

መድኃኒቱን ስላልላክሽልኝ አልተቀየምኩሽም። በሌላው ተቀይሜ ነበር። አሁን ስፈልገው አጣሁት። በዚህ ነገር ከእንግዲህ አትጨነቂ።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ። ባለቤቴን መኪና እያስተማርኳት ነው። ቤት ያለችውን አሮጌዋን መኪና። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳሳፍር እሷን አንድ ቀን መሪ አስይዤያት አላውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ኋላም ብቻዋን መሄጃ ያስፈልጋታል። ይህን አላልኳትም፤ እሷም አላለችኝም። ቁልፉን ሰጠኋት፣ ተቀበለችኝ።

መጥፎ ተማሪ ናት። ፍሪሲዮን ድንገት ትለቃለች፤ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ስፖኪዮ እይ ስላት ፊቷን ታያለች። አንድ ቀን ድምፄን ከፍ ባደርግባት መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አጥፍታ፣ እጇን አጣምራ፣ "እንደዚህ እያስተማርክ ከሆነ ሌላ አስተማሪ እፈልጋለሁ" አለች። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። ይቅርታ ጠየቅኋት። አስነሥታ ሄደች።

ትናንት ለቀጠሮዬ ሐኪም ቤት ድረስ የነዳችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ነው መንጃ ፈቃዷን ያገኘችው፤ በሁለተኛው ፈተና። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኩል መንገዱ ሌላ ነው የሚመስለው። ሦስት ቦታ ፍሬን ልይዝ እግሬን አንሥቻለሁ፤ በባዶ ወለል ላይ። አይታኛለች።

በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው እጁን ዘረጋና እዚህ የሚገባው የሕመምተኛ መኪና ብቻ ነው፣ ውጭ አቁሙ አለን። እኔ ግድ የለም በእግራችን እንገባለን ልል አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ፣

"በሽተኛ ይዣለሁ፣ አሳልፈኝ" አለችው።

እኔም ማንን እንደያዘች ልይ ብዬ ዞር ብዬ የኋላውን ወንበር አየሁ።

ፍሬን